እቃቃ ፍለጋ

ቡሄ የልጆች በዓል ነው። ደብረ ታቦር መሆኑን፣ ነሐሴ 13 ቀን መከበሩን፣ ቤተ ክርስቲያን የምትሰጠውን ትልቅ ትርጉም አውቃለሁ፤ በየሰፈሩ ግን በዓሉን ይዘው የሚዞሩት ልጆች ናቸው። ጅራፉን የሚገምዱት፣ በየደጁ መሬቱን በዱላ እየመቱ ሆያ ሆዬ የሚሉት፣ ሙልሙሉን የሚሰበስቡት እነሱ ናቸው። የክርስትና እናትም ለክርስትና ልጇ ሙልሙል ጋግራ የምትሄደው በዚሁ ሰሞን ነው። ለልጅ ስለሚሰጥ ነገር ሳስብ ቀድሞ የሚመጣልኝ ይህ ዳቦ ነው፤ ምክንያቱም ልጁ እንዲሁ አይወስደውም። መጀመሪያ ይጨፍራል፣ ከዚያ ይቀበላል፣ ከዚያ የቤቱን ባለቤት መርቆ ይወጣና ከጓደኞቹ ጋር ይካፈላል። ምርቃቱ የልጁ ስጦታ ነው። እኔ እንዲያውም ከዳቦው የሚበልጠው እሱ ነው ባይ ነኝ፤ በአንድ ፍሬ ልጅ አፍ መመረቅ ቀላል ነገር አይደለም።

በእንቁጣጣሽ ደግሞ ነገሩ ጭራሽ ይገለበጣል። ሴቶቹ አደይ አበባ፣ ወንዶቹ በቀለም የሣሉትን ወረቀት ይዘው ጎረቤት ለጎረቤት ይዞራሉ። በዚያን ቀን ሰጪው ልጅ ነው፤ ተቀባዩ አዋቂ ነው። አገራችን ለልጆች ያቆየችው ትልቅ ክብር ይህ ይመስለኛል፤ ሰጪ የሚሆኑበት ቀን።

የእህቴ ልጅ ሚጣ የተወለደችው በቡሄ ሰሞን ነው። ዘንድሮ አራት ዓመት ሞላት። ይህች ልጅ መስጠት ትወዳለች። እንግዳ ገብቶ ገና ሳይቀመጥ የጠርሙስ ክዳን ይዛ ትመጣና «ቡና ነው፣ ጠጡ» ትላለች። ዝም ብለው ክዳኑን ከመለሱላት ትቆጣለች። ከንፈርዎን አስነክተው «ይጣፍጣል፣ ስኳር ግን አንሶታል» ቢሏት ግን ሮጣ ሄዳ ከሶፋው ጀርባ ስኳር ጨምራ ትመለሳለች። እኛ እህትማማቾቹም በልጅነታችን ቀኑን ሙሉ እቃቃ ስንጫወት የምንውል ስለነበርን፣ ለልደቷ እውነተኛ እቃቃ ልሰጣት ቆረጥኩ፤ የሸክላ ጀበና፣ የሸክላ ድስት፣ ስኒዎች፣ ምድጃ፣ ሁሉም በእሷ እጅ ልክ።

ያቀናሁት መጀመሪያ ወደ መርካቶ ነበር። የልጆች መጫወቻ ከሚሸጡት ሱቆች አንዱ ገባሁ። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች አሻንጉሊት ነው። ባለ ሱቁ ደግ ሰው ነበር፤ «እቃቃ» ስለው ወዲያው ገብቶት የፕላስቲክ የማዕድ ቤት ዕቃ አወረደልኝ። ምጣድ የለውም፣ ጀበና የለውም፣ ሚጣ በቤቷ ካየችው ዕቃ አንድም የለበትም። ልጅ በጨዋታ የሚያስመስለው ያየውን ነው፤ እናቷ እንጀራ ስትጋግር ለምታይ ልጅ አክንባሎ የሌለው ማዕድ ቤት ባዶ ነው።

«እንግዲያው ይቺን እያት» አለና የምትዘፍን ትንሽ ማንቆርቆሪያ አመጣ። ገልበጥ አድርጌ ከሥሯ ያለውን ክዳን በአውራ ጣቴ ነካ ሳደርገው ክፍት አለ። ብሎን የለውም። የሰዓት ባትሪዎቹ ባንኮኒው ላይ ተበተኑ፤ አንዷ ተንከባላ መሬት ወደቀችና ከማዳበሪያዎቹ ሥር ገባች። በሩ ላይ ደግሞ አንዲት እናት ገና መዳህ የጀመረ ልጇን መሬት አስቀምጣ ዋጋ ትጠይቃለች። ባለ ሱቁና እኔ ተያየን። ሁለታችንም በጉልበታችን ተንበርክከን ማዳበሪያ ማንሳት ጀመርን፤ ሴትየዋም ነገሩን ስትሰማ ልጇን ብድግ አድርጋ አብራን ፈለገች። ላቤ በጀርባዬ ወረደ። በመጨረሻ ባትሪዋን ያገኛት ዕቃ ሊያወርድ የመጣ ተሸካሚ ነው፤ ከበሩ ሥር፣ ልጁ ተቀምጦ ከነበረበት አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ።

ይህን ያህል የተሸበርነው በከንቱ አይደለም። ያቺ ባትሪ ልጅ ሲውጣት ጉሮሮው ላይ ከተቀረቀረች፣ በምራቁ እርጥበት የተነሳ ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ ትጀምራለች። በዚያ ምክንያት የሚፈጠረው አቃጣይ ነገር የምግብ ቧንቧውን በ2 ሰዓት ውስጥ ክፉኛ ሊጎዳው ይችላል። ልጅ ውጧታል ተብሎ ከተጠረጠረ እስክትወጣ መጠበቅ፣ ጣት ከትቶ ማስታወክ የለም፤ በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት ነው። ማግኔትም እንዲሁ ነው፤ ሁለት ትናንሽ ማግኔቶች ከተዋጡ በአንጀት ግድግዳ በኩል ተሳስበው ሊበሱት ይችላሉ። ፊኛም የተነፋውና ያማረው ሳይሆን የፈነዳው ቁራጭ ትንፋሽ ይዘጋል። ዕድሜው 3 ዓመት ላልሞላ ልጅ መጫወቻ የምትገዙ ሁሉ፣ የሶፍት ጥቅል ሲያልቅ የሚቀረውን የካርቶን ቱቦ ያዙና ሞክሩት፤ በቱቦው ውስጥ የሚያልፍ ነገር በልጁ ጉሮሮም ሊቀረቀር ይችላል። ባለ ሱቁ ማንቆርቆሪያዎቹን በሙሉ ከመደርደሪያው አውርዶ ከኋላ አስቀመጣቸው። እኔ ፊት ነው ያደረገው። አመስግኜው ወጣሁ።

ከዚያ ወደ ምናለሽ ተራ ተሻገርኩ። ያገለገለ ቆርቆሮ፣ የዘይት ጣሳ፣ በርሜል፣ ጎማ፣ ሁሉም እንደገና ሥራ የሚያገኝበት ቦታ ነው። የመዶሻው ድምፅ ጆሮ ያደነቁራል፤ እኔ ግን እወደዋለሁ። ከሰል ምድጃ የሚሠራ አንድ ወጣት አገኘሁና ቁመቷ ከጣቴ የማትበልጥ ምድጃ እንዲሠራልኝ ጠየቅሁት። ሳቀ። ቀጥሎ «ስንት ዓመቷ ነው?» አለ። ነገርኩት። ከዚያ በኋላ አልሳቀም። ከዘይት ጣሳ ቆርጦ፣ ጠርዙን ወደ ውስጥ አጥፎ፣ እንደገና አጥፎ፣ በመዶሻ ጠፍጥፎ፣ በመጨረሻ የራሱን አውራ ጣት ዙሪያውን ቀስ አድርጎ አስኬደበት። አንድ ቦታ ላይ ቆም አለና መልሶ ቀጠቀጠው። «የኔዋም ሦስት ዓመቷ ነው» አለኝ። «ከሰል እንዳታደርጉባት። ቀይ ጨርቅ ቅደዱና ጠቅልላችሁ ክተቱባት፣ ፍም ይሆናል።» ይህን ሐሳብ የትም ብሄድ አላገኘውም ነበር።

ጀበናውን ፍለጋ ወደ ቀጨኔ ወጣሁ። ቀጨኔ ከእንጦጦ ግርጌ ያለ የሸክላ ሠሪዎችና የሸማኔዎች ሰፈር ነው። እዚያ ያገኘኋቸው እናት ጭቃቸውን በእጃቸው ነው የሚያነሱት። የሚሽከረከር መሥሪያ የላቸውም፤ አፈሩን ነፍተው፣ የተሰበረ ሸክላ ወቅጠው ቀላቅለው፣ አቡክተው፣ በእጃቸው እያዞሩ ያቆሙታል። ሲጠነክር በለስላሳ ድንጋይ ያሹታል። ከዚያ ይደርቃል፣ ከዚያ እሳት ይገባል።

«እማማ፣ የሕፃን ጀበና ይሠሩልኛል?» አልኳቸው።

«የኔ ልጅ፣ ትልቁን እንስራ ሥሪ ብትይኝ ይቀለኝ ነበር። የትንሿ አንገት ጣት አያስገባም፤ በስንጥር ነው የምሠራው» አሉኝ። ግን እምቢ አላሉም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ይህች አገር ወጧን የሠራችበት ድስት፣ ውሃዋን የቀዳችበት እንስራ፣ እንጀራዋን የጋገረችበት ምጣድ፣ ቡናዋን ያፈላችበት ጀበና የእነዚህ ሴቶች ሥራ ነው። የሠሩበት ዋጋ ደግሞ ስድብ ነበር፤ «ቡዳ» እየተባሉ ሰው ከእነሱ ጋር እንዳይጋባ፣ እንዳይጎራበት ሲደረግ ኖሯል። ጀበናውን ከቤታችን መሐል አስቀምጠን የሠራችውን እጅ መናቅ ትልቅ በደል ነው። ሚጣ ጀበናዋ ከየት እንደመጣች፣ ማን እንደሠራት አውቃ እንድታድግ እፈልጋለሁ። ከሱቅ የመጣ መጫወቻ ይህን ሊነግራት አይችልም።

ነሐሴ ግን ለሸክላ አይመችም። ውስጡ ውሃ የቀረ ሸክላ እሳት ሲነካው፣ ውሃው እንፋሎት ሆኖ መውጫ ሲያጣ ይፈነዳል። ፀሐይ በሌለበት ወር ደግሞ ማድረቁ የምድጃ ዳር ሥራ ነው። ደጋግሜ ተመላለስኩ። ጀበናዋና ድስቷ ደርቀው እሳት ገቡና ጥቁር ሆነው፣ አብረቅርቀው ወጡ። ስኒዎቹ ዘገዩ። የልደቷ ቀን ሲደርስ እማማ ስኒዎቹን በመዳፋቸው ይዘው ጉንጫቸው ላይ አስነኩና «አልደረቁም፣ ይቀዘቅዛሉ» አሉ። እሳት ሊያስገቧቸው አልፈለጉም። «ጥሬ ናቸው። ሕፃኗ ዛሬ ትጫወትባቸው፤ ውሃ ግን አይንካቸው። ከቡሄ በኋላ መልሰሽ ብታመጪልኝ አስገባቸዋለሁ።» ሁሉንም በጭድ ጠቅልለን ካርቶን ውስጥ አደረግን። የምናለሽ ተራዋንም ምድጃ ከላይ አስቀመጥናት።

እህቴ የምትኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው። ከቀጨኔ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ጀሞ፤ ከተማዋን ከሰሜን ወደ ደቡብ ምዕራብ ማቋረጥ ማለት ነው። ሜክሲኮ ላይ የታክሲው ረዳት «እህቴ፣ ካርቶኑን ከኋላ ላስገባልሽ» አለኝ። «ሸክላ ነው፣ የልጅ እቃቃ» ስለው ካርቶኑን ተቀብሎ እስክቀመጥ ያዘልኝና ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ።

ሳር ቤትን እንዳለፍን ሰማዩ ወረደ። የነሐሴን ዝናብ የማያውቅ አዲስ አበቤ የለም፤ መንገዱ በአንድ ጊዜ ወንዝ ሆነ። ከፊታችን የነበረ መኪና ቆመ፣ እኛም ቆምን፤ ሾፌሩ ሊያልፍ ሲሞክር ውሃው ሞተሩ ገባና ታክሲያችን ጸጥ አለ። መስኮቱ ተዘጋ፣ ትንፋሻችን መስታወቱን ሸፈነው። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ሙልሙል የያዘ ዘንቢል ታቅፈው ነበር፤ ለክርስትና ልጃቸው የሚወስዱት። ካርቶኔ ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቁኝ። ጀበናዋን አውጥቼ አሳየኋቸው። ከእጃቸው ወደ ፊት፣ ከፊት ወደ ኋላ፣ ጀበናዋ ታክሲውን ሁሉ ዞረች።

ከዚያ በኋላ ጨዋታው ደራ። ሁሉም ሰው ለካ በልቡ የያዘው መጫወቻ ነበረው። ረዳቱ ቆርኪ ጠፍጥፎ፣ መሐሉን በስቶ፣ ክር አስገብቶ ያሽከረክር እንደነበር ነገረን። ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር ኩሽኔታ ሠርቶ ቁልቁለት ይነዳ ነበር። አንዲት ወጣት ሱዚን አነሳች፤ ላስቲኩ ከቁርጭምጭሚት ጀምሮ እስከ ወገብ ከፍ እያለ ሲሄድ ማን ይዘል እንደነበር። የሙልሙሏ እናት ቅልልቦሽን፤ አምስት ጠጠር፣ አንዱን ወደ ላይ ወርውሮ ሌላውን ለቀም። ከሾፌሩ ጀርባ የተቀመጡ ጋቢ የለበሱ አባት ደግሞ የገና ጨዋታን፣ ዱላው ከምን ዛፍ እንደሚቆረጥ፣ እሩሯ እንዴት እንደምትድቦለቦል አስረዱን። ሲቀጥሉም ከብት ሲጠብቁ መሬት ምሰው በጠጠር ይጫወቱት የነበረውን ገበጣ አነሱ።

ገበጣ ሲነሳ እኔም ዝም አልልም። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ገበጣ ሰፊ ጽሑፍ አሳትሟል፤ ስንት ዓይነት አጨዋወት በየአካባቢው እንዳለ ያየ ሰው ይደነቃል። በየሓና በመጠራም የአክሱም ዘመን ናቸው የሚባሉ ገበጣ መሰል ጉድጓዶች ተገኝተዋል። ጠጠርና ጉድጓድ ብቻ የሚፈልግ ጨዋታ ይህን ሁሉ ዘመን ሲሻገር፣ ለስድስትና ለሰባት ዓመት ልጅ ከእሱ የተሻለ የሒሳብ አስተማሪ ከየት ይመጣል? መቁጠር አለው፣ ማከፋፈል አለው፣ ተራን መጠበቅ አለው። የጋቢው አባት ይህን ስነግራቸው «እኔ መደመር የቻልኩት ትምህርት ቤት ሳልገባ ነው» አሉ።

ያነሳነውን ሁሉ ሳስበው፣ አንዱም ቢሆን ተገዝቶ ያለቀ መጫወቻ አልነበረም። ሁሉም በልጁ እጅ የተሠራ ነው። አሜሪካ ሮቸስተር ከተማ ያለው የስትሮንግ የጨዋታ ሙዚየም፣ ለታላላቅ መጫወቻዎች በሚሰጠው የክብር መዝገብ ውስጥ ካርቶን ሳጥንን እ.ኤ.አ. በ2005፣ ዱላን በ2008፣ ብርድ ልብስን ደግሞ በ2011 አስገብቷል። እንደኔ ከሆነ ፈረንጆቹ ልክ ናቸው። ጠረጴዛ ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርጋችሁ ጫፉን መሬት ብታስነኩት፣ ለሦስት ዓመት ልጅ ከዚያ የበለጠ ቤት አይሠራለትም።

ሾፌሩ በመጨረሻ «ውረዱና በእግር ተሻገሩ፣ አይነሳም» አለን። ዝናቡ ቀንሷል፣ ውሃው ግን ቁርጭምጭሚት ይውጣል። የሙልሙሏ እናት ከዘንቢላቸው አንድ ፌስታል አውጥተው ካርቶኔን ከላይ ሸፈኑልኝ። የእኛ ችግር ግን ከላይ አልነበረም። የታክሲው ወለል ውሃ አስገብቶ ኖሮ፣ ለመውረድ ስንነሳ ለአፍታ መሬት ያስቀመጥኩት ካርቶን ሥሩ ርሶ ነበር። መንገዱን አጋምሼ ሳለ ሥሩ ተለቀቀ። ረዳቱ ከኋላዬ ነበርና ጀበናዋን ገና በአየር ላይ ቀለባት! ድስቷን ተማሪው ከጭዱ ጋር ያዘ። ምድጃዋ ውሃ ውስጥ ወድቃ ተንሳፈፈች፤ የጋቢው አባት በከዘራቸው አቆሟት። ጥሬዎቹ ስኒዎች ግን በጭድ እንደተጠቀለሉ ጎርፉ ውስጥ ገቡ። ፈጥኜ አነሳኋቸው፤ ቢሆንም ውሃ ነክቷቸዋል። ሁሉንም በዚያች ፌስታል አንድ ላይ አድርጌ ጉዞዬን ቀጠልኩ።

ጀሞ ስደርስ መብራት ጠፍቷል። ደረጃውን በስልኬ ብርሃን ወጣሁ። ቤቱ በልጅ ተሞልቷል፤ ድፎ ዳቦው ተቆርሷል፣ ፈንድሻው ምንጣፉ ላይ ተበትኗል፣ ሻማ እዚህም እዚያም ይበራል። እናቴ ጥግ ላይ ተቀምጣ ለልጆቹ ተረት እየነገረች ነበር። እኛን ያሳደጉን አባባ ተስፋዬ ናቸው፤ ከአርባ ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ተረት ሲነግሩን በስክሪኑ ፊት እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ ነበር። እናቴም እንደሳቸው እየተረከች፣ መሐል ላይ «ከዚያስ ጅቡ ምን ያደረገ ይመስላችኋል?» እያለች ትጠይቃለች። መልሱን ልጆቹ ናቸው የሚፈጥሩት።

ፌስታሉን ማዕድ ቤት ወስጄ ስከፍተው ስኒ የሚባል ነገር የለም። ጭድ ያለበት የጭቃ ጉብታ ነው የቀረው። ያልተቃጠለ ሸክላ ውሃ ሲያገኝ መልሶ አፈር ይሆናል፤ የእማማ ጣት ያሳመረው ጠርዝ ሁሉ ቀልጧል። እጄን ፌስታሉ ውስጥ እንደከተትኩ ቆምኩ። ያ ሁሉ ልፋታቸው ውስጤን አሳመመኝ።

ሚጣ መጥታ ኖሮ በክንዴ ሥር አንገቷን አስገባች። «እቴቴ፣ ምንድነው?»

«ስኒ ነበር፣ የኔ እናት። ዝናብ በላው።»

ጣቷን ወደ ጭቃው ሰደደች። አወጣችው። አየችው። እንደገና ሰደደች። «እኔ እሠራዋለሁ» አለች።

እህቴ የማዳበሪያ ከረጢት መሬት ላይ ዘረጋች። ልጆቹ ሻማውን ከበው ተቀመጡ፤ ሻማውን እናቴ ከእጃቸው አርቃ ያዘችልን። ማሙሽ፣ የሚጣ ታናሽ፣ ገና አንድ ዓመት ተኩል ስለሆነና ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ስለሚከት አባቱ አቀፈው፤ ለእሱ የብረት ድስትና የእንጨት ማንኪያ ሰጠነው፣ እየመታ ቤቱን አናወጠው። በዚህ ዕድሜ የሚያንኳኳው ነገር ይበቃዋል። ትልልቆቹ ጭዱን ከጭቃው ለቅመው አወጡ፤ ይህ ሥራ ራሱ ረጅም ጨዋታ ሆነ። ከዚያ አቡክተው፣ አድቦልቡለው፣ በአውራ ጣት መሐሉን ጎድጉደው ስኒ ሠሩ። ጠማማ ነው፣ ወፍራም ነው፣ አንዱ ወደ ጎን ያዘመመ ነው። የእኛ ስኒ ጆሮ የሌለው መሆኑ በጀን፤ ጆሮ ቢኖረው ኖሮ እስከ ንጋት አንጨርስም ነበር።

ሚጣ ግን የምትሠራው ለራሷ አልነበረም። «ይሄ የእማዬ፣ ይሄ የአያቴ፣ ይሄ የአባዬ» እያለች በቤቱ ላለ ሰው ሁሉ ደለደለች። ምድጃዋ ውስጥ ቀይ ጨርቅ ገባ፣ ጀበናዋ ተጣደች። ከዚያ ሥርዓቱ ተጀመረ። እኔ ቸኩዬ ስኒዬን ላነሳ ስል «ገና አልፈላም!» ብላ መለሰችኝ። ዕጣን እስኪጨስ አስጠበቀችን፤ ዕጣኑ የተቀደደ ሶፍት ነው። መጀመሪያ ለአያቷ ቀዳች። እናቴም ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ በሁለት እጇ ተቀበለች፣ ፉት አለች፣ «አቦሉ እንዴት ያለ ነው! እደጊ፣ ተመንደጊ፣ ወግ ማዕረግ ያሳይሽ» ብላ መረቀቻት። የልጅቷን ፊት ያኔ ባያችሁት! የተሰጣት ነገር አይደለም እንዲያ ያበራት፤ የሰጠችው ነው። ቶናው ቀጠለ፣ በረካውም አልቀረም፤ ሁለተኛውን ጠጥቼ ልነሳ ብል በረካ ሳይጠጣ የሚሄድ እንግዳ እንደሌለ ሚጣ ነገረችኝ።

እኔ ለትንሽ ልጅ ስጦታ ስትመርጡ ይህን አስቡ እላለሁ፤ ልጁ በዚህ ነገር ለሌላ ሰው ምን ሊሰጥ ይችላል? የሚዘፍን አሻንጉሊት ልጁን ተመልካች ያደርገዋል። ጀበና ጋባዥ ታደርገዋለች። ካልሲ ላይ ሁለት ቁልፍ አጥብቃችሁ ሰፍታችሁ ብትሰጡት ለታናሹ ትርኢት ያሳያል፤ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የሚለው የልጆች ዝግጅት ላይ ያለችው ቀጭኔም የእጅ አሻንጉሊት ናት፤ ስንት ሕፃን ፊደል አስቆጥራለች። ጭቃ የማይገኝበት ቤት ደግሞ ሊጥ አለ፤ ሁለት ኩባያ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ጨው፣ አንድ ማንኪያ ዘይት፣ ውሃውን ትንሽ በትንሹ እየጨመሩ እጅ ላይ መጣበቁን እስኪተው ማሸት ነው። እርድ ብጫ ያደርገዋል፣ የቀይ ሥር ውሃ ሐምራዊ ያደርገዋል። ክዳን ባለው ዕቃ ከተቀመጠ ለቀናት ይቆያል። ጨው የበዛበት ስለሆነ ግን እንዳይበሉት መጠበቅ ያስፈልጋል። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ወንድሜ ለልጆቹ ይህን ሊጥ ሠርቶላቸው፣ በስልክ እንጀራና ድፎ ዳቦ «ሸጠውልኛል»፤ ዋጋውን በብር ነው የጠሩልኝ።

የልጆቹ ስኒዎች እስከ ጳጉሜን ድረስ እህቴ ቤት ውስጥ መስኮት ሥር ደረቁ። ሰብስቤ ወደ ቀጨኔ ስወስዳቸው እማማ አንድ በአንድ አገላብጠው አዩ። በእኔ በኩል አፍሬባቸው ሳይሆን እንዳይስቁባቸው ሰግቼ ነበር፤ እሳቸው ግን እንደ ሥራ ነው ያዩአቸው። «ይሄኛው ግድግዳው እኩል አይደለም፣ ይሰነጠቃል። ይሄኛው ደህና ነው። ይሄን የሠራችው ልጅ እጅ አላት» አሉ። የሚጣ ነበር። ሁሉንም እሳት አስገቡልን፤ ከተሰነጠቁት በቀር የቀሩት ጠንክረው ወጡ።

ሚጣ የአያቷን ስኒ ተቀብላ ውሃ ሞላችበትና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። እንዲቀልጥ ነበር የምትጠብቀው። አልቀለጠም። ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። እሳቱ በጭቃው ውስጥ ያለውን ውሃ ሁሉ፣ ከአፈሩ ጋር ተዋሕዶ የነበረውን ጭምር እንዳወጣው፣ ከዚያ ወዲያ ተመልሶ ጭቃ እንደማይሆን ነገርኳት። አልበቃትም። «እሳቱን ማን አደረገው?» አለች። «እማማ» አልኳት።

እማማም ጠይቀውኛል። «ልጅቷን ይዘሻት ነይ፣ ሸክላ ወቅጦ መቀላቀሉን ላሳያት» ብለዋል። መንገዱ ገና ጭቃ ስለሆነ ቦት ጫማ ያስፈልጋታል፤ ማሙሽ ከአባቱ ጋር ይቀራል። ቅዳሜ ጠዋት፣ ዝናብ ሳይመጣ፣ እንወጣለን።